ጀልባው መደብ አለው፣ ልጅቷ የላትም

አስቀድሞ በደሉ ይጻፍልኝ፤ መንገዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አሜሪካን አገር፣ ላስ ቬጋስ አጠገብ ባለ ትልቅ ሐይቅ ላይ፣ ልጄ ከነቤተሰቡ ጀልባ ውስጥ ይኖራል። የሚወጉትን ዓሣ እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ ይካፈሉታል። ልጄ ዳንኤል መደብ አለው። ሚስቱ ሰላም መደብ አላት። የጀልባው ባለቤት አቶ አበራ መደብ አላቸው። አፍ የሌለው ጀልባ እንኳ መደብ ይጣልለታል። ከሁሉም አብልጣ የምትወጋው የልጅ ልጄ ሉሊት ግን የላትም። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ለምን እያልኩ ጠየቅሁ። መልስ የተሰጠኝ ልመለስ ስል ነው።

የ2013 ዓ.ም. ፋሲካን ባሕር ዳር ውዬ ተነሣሁ። ቪዛዬ ከኮሮና በሽታው በፊት የተመታ ስለሆነ ጊዜው እንዳያልፍ ዳንኤል ሲነዘንዘኝ ከርሞ ነበር። እኔም ብሆን ዓይኔ ሳያይ አላርፍም ነበር። ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ልጄና ሚስቱ ሺፍት አጥተው፣ የተከራዩትን ቤት ለቀው ውኃ ላይ መኖር ጀመሩ የተባለ ጊዜ፣ የዕድራችን ሴቶች ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥተው ተቀምጠውልኛል። አንደኛዋማ፣ "አሜሪካ ሄዶ ዶክተር የሆነ እንጂ ጉማሬ የሆነ ሰምቼ አላውቅም" አለችኝ። ሳቅሁላት፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

አዲስ አበባ አፍንጫዬን በረጅም ጥጥ ጎርጉረው፣ ንጹሕ ነሽ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁላችንም አፋችንን ሸፍነን ስለነበር አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት እስክንወርድ ድረስ መልኳን አላወቅሁትም። የምግቡ ጊዜ ሲደርስ ብቻ ገለጥ አድርጋ ጎረሰችና መልሳ ሸፈነች። ሰው ተደብቆ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዋሺንግተን ስደርስ ዳንኤል ሳያማክረኝ የሚገፋ ወንበር አዝዞልኛል። ወንበሩን የያዘችው የአገሬ ልጅ ናት። እግር እያለኝ አልቀመጥም አልኳት። "እማማ፣ ወንበሩ ለእግርዎ አይደለም፤ ለሰልፉ ነው" አለችኝና አስቀመጠችኝ። እውነትም ሰልፉን ትተን በጎን አለፍን። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ቆመዋል፣ ከእኔ የባሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ እኔ ወይዘሮዋ በወንበር አልፋቸዋለሁ። መታገሥ አቃተኝ። ተነሥቼ ተመለስኩና ከኋላ ተሰለፍኩ። የላስ ቬጋሱ አውሮፕላን ጥሎኝ ሄደ። ልጅቷ አልተቆጣችም። ለቀጣዩ በረራ አዘዋውራ አስመዘገበችኝ፣ ለምሳዋ ያመጣችውን ፍርፍር ለሁለት ከፍላ አበላችኝ፣ ለዳንኤልም ደውላ፣ "እናትህ ደኅና ናቸው፤ ትንሽ ሕግ አስከብረው ነው የዘገዩት" አለችው። ስሟን ሳልጠይቅ መለየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ላስ ቬጋስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሳይቀር የቁማር ማሽኖች ቆመው ይጮኻሉ። ሰው ገና ሻንጣውን ሳያነሣ ይጫወታል። ዳንኤል ፀሐይ አክስሎት፣ ቀጥ ብሎ፣ ከድሮው ይልቅ ጠንክሮ አገኘሁት። ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈር አዙሮ የነበሩበትን ቤት አሳየኝ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም፣ አንድ ቁመት ናቸው፤ እኔ ብሆን የራሴን በር አላገኝም ነበር። "አይቆጭህም?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ቤቱ ውስጥ የነበርነው ለመተኛት ብቻ ነበር" አለኝ። ከዚያ ከአዋሽ ወዲያ ያለውን በረሃ የሚመስል ድንጋይና አሸዋ ተጉዘን፣ ኮረብታውን ስንዞር ውኃው ድንገት ተዘረጋ። ጣና እንደ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ሲገረጣ ይውላል፤ ይህ ግን በዚያ ሁሉ ቡናማ ተራራ መሀል ደማቅ ሰማያዊ ነው። ገደሉን ዙሪያውን ነጭ መቀነት የመሰለ ነገር ታጥቆታል። ውኃው ድሮ እዚያ ድረስ እንደነበረና በያመቱ እየሸሸ እንደሆነ ዳንኤል ነገረኝ።

ጀልባው ቤት ነው። ወጥ ቤት አለው፣ መኝታ አለው፣ ጣሪያው ላይ ወንበር ተደርድሯል። ከተንሳፋፊው መረማመጃ ወደ ጀልባው ስሻገር አንድ እግር ጫማዬ ሾልኮ ውኃ ገባ። እዚያ ከቅርጫት የሚበልጥ አፍ ያላቸው የሚመስሉ ካርፕ የሚባሉ ዓሦች፣ ሰው ፈንዲሻ እየወረወረ ያስለመዳቸው፣ እየተጋፉ ይለምናሉ። ጫማዬ ላይ ተራኮቱበት። የጎረቤት ጀልባ አሜሪካዊት አሮጊት በመረብ አውጥታ፣ አጥባ፣ በማግስቱ ፀሐይ ላይ አድርቃ አመጣችልኝ። ቋንቋ የለንም፤ እሷ በእሷ እኔ በእኔ ስናወራ ቆየን፤ ተግባባን።

አቶ አበራ የተቀበሉኝ ቆመው ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። በሱዳን አድርገው በስደት የመጡት እኔ ዳንኤልን ሳልወልድ ነው። ዳውንታውን ባለ ሆቴል ዘበኝነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ይህን አሮጌ ጀልባ ገዙ። ልጆቼ ሥራ ያጡ ጊዜ፣ "ኑ" አሏቸው። ሲመጡም አንድ ነገር ጠየቋቸው፦ "እንግዳ ናችሁ ወይስ ባሕርተኛ?" እንግዳ ይበላል፣ ይተኛል፣ አንድ ቀን ይሄዳል። ባሕርተኛ ይሠራል፣ ይካፈላል፣ ይናገራል። ባሕርተኞች ነን ብለው ገቡ። ጠባብ ቦታ ላይ አብሮ የሚኖር ሰው እኩል ካልተካፈለ ይጣላል ይላሉ አቶ አበራ፤ ይህን ሲሉ በጣም ወደድኳቸው።

የመጀመሪያው አዳር አልሆነልኝም። ነፋስ ተነሥቶ አልጋው ሲያናውጠኝ፣ ሲያስመልሰኝ፣ ሰላም ዝንጅብል አፍልታ ራሴን ደግፋ አጠጣችኝ። በሆቴል ክፍል ስታጸዳ የሻከረው እጇ አሁን በገመድ ብሶበታል። አንድ ጊዜ እንኳ ስትነጫነጭ አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት በትንሿ ሞተር ጀልባ ራቅ ወዳለ የገደል ሥር ወሰዱኝ። ላይሰንስ አላቸው፤ የሚወጉትም የተፈቀደውን ዓሣ ብቻ ነው። የጎማ ልብስ ይለብሳሉ፣ እግራቸው ላይ የዳክዬ የሚመስል ጫማ ያጠልቃሉ፣ በላስቲክ የሚወነጨፍ ጦር ይይዛሉ። የአየር ጠርሙስ የሚባል ነገር የለም፤ ባላቸው ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው ሲወርድ ሌላው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ፊቱን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ዳንኤል ወረደ፣ ሰላም አየችው። ከዚያ አቶ አበራ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እንደ ድንጋይ ዝም ብለው ወረዱ። እኔ ከላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ሳላስበው የእኔ ቀድሞ አለቀ።

የሉሊት ግን ሌላ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትሄድ ትደናቀፋለች፣ ብርጭቆ ትሰብራለች፤ ውኃ ውስጥ ስትገባ ግን እንደ ሐር ክር ትሄዳለች። እሷ ስትወርድ እናቷ አብራት ትወርዳለች፣ ጎን ለጎን፤ አባቷ ሁለቱንም ከላይ ያያል። ያን ዕለት ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ዓሣ፣ ክንድ የሚያህል፣ ደጋግማ አወጣች። እኛ አገር ቆሮሶና አምባዛ በመረብ ይያዛል፤ ዓሣ ፊት ለፊት ተያይቶ ሲወጋ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ እልል ብል ዳንኤል፣ "እማዬ፣ ዓሣውን አባረርሽው" አለኝ።

ስንመለስ ዓሣው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ተቆራርጦ፣ ጣሪያው ላይ ላስቲክ ተነጥፎ መደብ ወጣ። ከራሱም ከሆዱም ከጅራቱም እያስተካከሉ አራት ክምር። እያንዳንዱ ምልክት ሰጠ፦ ዳንኤል ቁልፍ፣ ሰላም ቀለበት፣ አቶ አበራ ያረጀ የዩኒፎርም አዝራር፣ ለጀልባው ብሎን። ሉሊት ምልክቶቹን በጀርባዋ ተቀብላ፣ ሳታይ ክምሮቹ ላይ ጣለች። ዕጣ ጣይ መደብ የሌለው ሰው መሆን አለበት፤ እንዳያዳላ። አገር ቤትም እንዲሁ ነው። የሚገርመኝ ይህን ሥርዓት እዚያ በረሃ ውስጥ ሳይሸራረፍ ማግኘቴ ነው። የጀልባው መደብ ሺፍት ላጣ ሰው በጀልባው ስም ይላካል። የራሱን መደብ ግን ባለቤቱ ይበላዋል ወይም ለወደደው ይሰጣል፤ ማንም አይጠይቀውም።

የሉሊት የታለ አልኩ። ሁሉም ክምራቸውን ማንሣት ያዙ። ዳንኤልን ለብቻው ስይዘው፣ ልጅ ከእናት ከአባቷ ትበላለች አለኝ። ደግሞ እሷ መደብ ካገኘች ዕጣ የሚጥል ሰው ይጠፋል አለ። ይህ ምክንያት ነው? ፍርድ ቤት ይዘኸው ብትቀርብ ዳኛው ያባርርሃል አልኩት። ሰላምን እንድጠይቅ ነገረኝ።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ውኃውን አስቆጣውና የትም ሳንሄድ ዋልን። እኔም ልርዳ ብዬ ከውኃ የወጣ ገመድ ስስብ፣ ገመዱ ላይ የተጣበቀ ጥቃቅን ዛጎል መዳፌን እንደ ምላጭ ሸረከተው። ሰላም እጄን ስታስርልኝ ጠየቅኋት። "እማማ፣ ሉሊት እንግዳ ናት። ባሕርተኛ ስትሆን ይጣልላታል።" መቼ ነው የምትሆነው ብላት ፋሻውን ጠበቅ አደረገችው። ይህቺ እንግዳ ከባለቤቶቹ በላይ ትሠራለች አልኩኝ ለራሴ።

በማግስቱ የጀልባውን መደብ ለማድረስ ዳንኤልና ሉሊት ከተማ ሲወርዱ አብሬ ሄድኩ። ዳውንታውን ፎቆቹ በቀን ሲታዩ እንደ ሠርግ ማግስት ድንኳን ናቸው፤ መብራቱ ያለ ጨለማ አያምርም። ከሆቴል ሥራ የተቀነሰ የሦስት ልጆች አባት ዓሣውን ተቀብሎ፣ ባዶ እጃችሁን አትሄዱም፣ አፈር ስሆን ብሎ አንድ ከረጢት ሎሚ ሰጠን። ዳንኤል ቤንዚን ሊቀዳ ሲወርድ ሉሊትን መደብ ብታገኚ ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት።

"ለአክስቴ ሂሩት ነው የምሰጠው" አለች ሳታስብ። "ማሚ ናይት ሺፍት ስትሠራ እኔን ያሳደገችው እሷ ነው። ግሪን ቫሊ ነው ቤቷ። አሁን ማሚ ጋር አይነጋገሩም።"

"ከእናትሽ መደብ ቆርሰሽ ብትወስጂላትስ?"

"የማሚ ከሆነ ኖ፣ አትቀበልም። የእኔ ከሆነ ግን እምቢ አትልም። እማማ፣ እኔ ነው የወጋሁት፤ ለምን መስጠት አልችልም?"

ነገሩ ያኔ በራልኝ፤ ወይም የበራልኝ መሰለኝ። ሂሩት የሰላም ታላቅ እህት ናት። ቤት ሲለቁ እኔ ጋር ግቡ ብላቸው ነበር። ጀልባውን ሲመርጡ፣ "ልጄን ውኃ ውስጥ አትክተቱብኝ" ብላ ተጣላች። እኔም ሰላም መደቡን የከለከለችው ዓሣው ወደዚያ ቤት እንዳይገባ ነው አልኩ። እህት ከእህት ተቀያይማ የልጅ ድርሻ ማስቀረት፣ ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ ባሕር ዳር ያየሁት ነገር ነው።

በአምስተኛው ቀን አቶ አበራን ጣሪያው ላይ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ጦር እየሳሉ ነበር። ጀልባ መደብ አለው፣ ልጅ የላትም፤ ይህ የማን ሕግ ነው አልኳቸው።

"ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ሕጉ የእኔ ነው። ምክንያቱ ግን የእኔ አይደለም፤ የሰው ምክንያት ደግሞ አላወራም።"

"እኔ አሮጊት ነኝ፤ ሳልሰማ ብሞት በእርስዎ ይሆናል።"

"ዋሺንግተን ላይ በሠሩት ሥራ እርስዎ ለመሞት የሚቸኩሉ አይመስሉም" ብለው ጦራቸውን መሳል ቀጠሉ።

በስድስተኛው ቀን፣ የመሄጃዬ ዋዜማ፣ ስንብት ነው ተብሎ ብዙ ዓሣ ተወጋ። ከግማሽ የሚበልጠው የሉሊት ነው፤ እኔው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ዓሣው በአራት ክምር ዕጣ ሲጠብቅ፣ ሰላም አንዱን በቃሪያና በሎሚ ጠብሳ፣ አጥንቱን ለቅማ፣ ለእኔ ብላ አቀረበች። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕ ዓርብ የለም፣ የምጾምበት ምክንያት የለኝም። ሽታው ራሱ ያጠግባል። ግን ሳህኑን ገፋሁት። "ድርሻ የሌላት ልጅ የወጋችውን አልበላም። ደረቅ ዳቦ ይበቃኛል" አልኩ። ዳንኤል እማዬ አትጀምሪ አለኝ። ተጀምሯል አልኩት። ሉሊት አንገቷን ደፋች። አቶ አበራም ሹካቸውን አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ሰላም ቀስ ብላ ተነሥታ፣ እጇን አብሳ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ድምጿ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"እማማ፣ መደብ ያለው ሰው ተራ አለው። ተራው ሲደርስ ብቻውን ይወርዳል። ሌላው ከላይ ሆኖ ያየዋል እንጂ አብሮት አይወርድም፤ ሁለቱም ታች ከሆኑ የሚያወጣቸው የለማ። ባለፈው መስከረም ሉሊት ብቻዋን ወረደች። ትልቅ ዓሣ አየች መሰለኝ፣ ቆየች። ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ጠራኋት፣ አልሰማችኝም። ዓይኗ ተከፍቷል፣ እሷ ግን የለችም። አቶ አበራ ፊቷ ላይ እፍ እያሉ መለሷት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ ናት አልኩ። እንግዳ ከሆነች ተራ የላትም፣ ተራ ከሌላት እኔ ጎኗ እወርዳለሁ። ዓሣውን አይደለም የከለከልኳት። ለእህቴም ደውዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ ያለችው ሊደርስ ነበራ።"

ሉሊት፣ "ማሚ፣ እኔ እኮ ተናደሽብኝ መስሎኝ ነው" አለች። ዳንኤል ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ።

እኔ ደግሞ የመሰለኝን ሁሉ ዋጥኩት። ስለ እህቷ ያሰብኩት ስሕተት ነበር። ይህቺ ሴት ልጇን ለማቆየት የከፋች እናት መስላ መታየትን መርጣለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ቢሆንም በደሉ በደል ነው፤ ምክንያቱ ስላማረ አይሰረዝም። ስለዚህ አልኳት፦ "ፍርሃትሽን ሰማሁ፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ግን ፍርሃቱ የአንቺ ነው፤ የሚቀነሰው ከእሷ ነው።"

ሰላም አቶ አበራን፣ ያለ ተራ መደብ ቢጣልላትስ ስትላቸው፣ ተራ የሌለው መደብ ምጽዋት ነው፣ ልጅቷ ለማኝ አይደለችም አሏት። ነገር ግን መውረጃው ገመድ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ፣ ከጨርቁ በታች የሚወርድ ሰው መደቡን ያጣል፣ ለእኔም ለእሷም አንድ ሕግ ነው አሉ። ሉሊት እሺ አለች።

ያኔ ሰላም ቢላዋውን አነሣች። ያንን አራት ክምር ራሷ አፍርሳ፣ እየለካች፣ ከዚህ ወደዚያ እያስተካከለች፣ አምስት አደረገችው። ሉሊት ምልክቷን ከጸጉሯ ላይ ፈታ ሰጠች፤ ሰማያዊ ላስቲክ ነው። ዕጣ የሚጥል መደብ የሌለው ሰው ይፈለግ ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀበልኩና እኔ ጣልኩ። ለልጅቷ ጅራት የበዛበት ክምር ደረሳት። ደስታዋን ብታዩ የበሬ ሻኛ የደረሳት ይመስላችኋል። ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ ስትከት ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ ሰላም የጠበሰችልኝን ዓሣ መልሼ ወደ ፊቴ ሳብኩ። ቀዝቅዞ ነበር፤ ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁት። ስጨርስ ግን አንድ ነገር ቀረኝ፤ ነገር በቃል ብቻ እንዳይቀር ሰላምን ጠየቅኋት። መደቡ ተጣለ፣ ተራውስ አልኳት።

ሳህኑን ከፊቴ አነሣች። "ነገ ጠዋት ተራዋ ነው" አለች። "እርስዎ አውሮፕላን ውስጥ ነዎት፤ አያዩትም። ከላይ ሆኜ የማየው እኔ ነኝ።"